ዝም ያለው ይቅደም

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሲጥል አምሽቶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ግድም የግቢያችን በር ተደበደበ። የጎረቤታችን ልጅ ነበር። «እናቴ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ተነሺ ብላት አልነሳ አለችኝ» አለ። እናቱን ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሕመም የማያወሩ፣ ምንም ቢይዛቸው «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብለው የሚያልፉ ሴት ናቸው። እሳቸው መሬት ላይ ከተቀመጡ ነገሩ ቀላል አይደለም።

በሰፈራችን ሰው መኪና ጭነናቸው ወጣን። 907 እና 939 የሚሉት የአምቡላንስ ቁጥሮች በስልኬ ውስጥ ተመዝግበው ይኖራሉ፤ ትዝ ያሉኝ ግን ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው። አንድ በሽተኛ ለአራት ይዘን ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ስሙን አልጠራም። የማወራው ስለ አንድ ቤት አይደለምና፣ በዚህ ከተማ ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ያደረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ስም ያስገባበት።

ጥበቃው «ሪፈር አላችሁ?» አለን። የለንም። አጎንብሶ በመስኮቱ እማማን አያቸውና ሌላ ቃል ሳይጨምር በሩን ከፈተልን። መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠች ሲስተር ግፊታቸውን ለካች፤ ጣታቸው ላይ ያቺን ትንሽ መቆንጠጫ አድርጋ ኦክስጅናቸውን አየች፤ ትንፋሻቸውን ቆጠረች። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቃ ወረቀታቸው ላይ ቢጫ ምልክት አደረገች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። «እዚያ ተቀመጡ፣ ትጠራላችሁ።» ልጃቸው ካርድ ሊያወጣ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ እኛ ወንበር ያዝን።

ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም አያውቅም። ጋቢ የደረበ፣ ፔርሙዝ የያዘ፣ የራጅ ፊልም በፌስታል ያንጠለጠለ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋ። የውስጠኛው በር በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላል፤ የተጠራው ስም የራሱ ካልሆነ መልሶ ያቀረቅራል። ሰው በሕመም ላይ ሲሆን የሚቆጥረው ደቂቃ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ መጥተው ቀድመውት የገቡትን ነው። እኔም ቆጠርኩ። እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሰባት ሰው ቀድሞናል።

ከሰባቱ ሁለቱን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

የመጀመሪያው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። በእግሩ መጣ። አልጮኸም፣ አልተደገፈም፤ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሲስተሯ አንድ ነገር አላት። በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ርሷል። ሲስተሯ ፊቱን አየችና ከወንበሯ ተነስታ ራሷ ይዛው ገባች። አዳራሹ አጉረመረመ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ፣ እግራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ሽማግሌ «ሽበታችንን እንኳ አያዩም፤ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሄደውን አስቀደሙት» አሉ። «ዘመድ ይኖረዋል» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ የእጁን አንጓ በሻሽ ጠቅልሎታል። በዋናው በር አይደለም የገባው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ክንዱን ይዞት፣ እየተሳሳቁ፣ በጎን በኩል ባለች በር ገቡ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ እጁ በፋሻ ታስሮ፣ የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ወጣ። የሚገርመው፣ በዚህኛው ማንም አላጉረመረመም። ምን ተደረገ መሰላችሁ? ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። አዳራሹ ውስጥ ያለው አስታማሚ በሙሉ አቀርቅሮ ስም ይፈልግ ጀመር፤ «እዚህ ሆስፒታል የሚሠራ ማን አለኝ?» እያለ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔም ፈለግኩ። ድሮ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን በመድኃኒት ቤት በኩል የሚሠራ ሰው ስም አገኘሁና ደወልኩ። አላነሳም። ቢያነሳ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ይመስላችኋል? እማማን በዚያች የጎን በር አስገብቼ፣ ወደ ቤቴ ሄጄ፣ «ጎበዝ ነኝ» ብዬ እተኛ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያይ፣ በልቡ ሕመም የቀደመውና በዘመዱ የቀደመው አንድ ናቸው። ሁለቱም ከእኛ በኋላ መጡ፣ ሁለቱም ከእኛ በፊት ገቡ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። እኛም በሁለተኛው ያየነውን ይዘን በመጀመሪያው ላይ ፈረድን። የጎኗ በር የሰረቀችው የአንድን ሰው ተራ ብቻ አይደለም፤ በትክክለኛው በር የገባውን ሰውም ሌባ አስመሰለችው።

ሲስተሯ የምትሠራበት፣ ትሪያጅ ወይም ልየታ የሚባለው አሠራር ምን እንደሆነ በኋላ ነው ጠይቄ የገባኝ። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ መለየት፣ መልቀም ማለት ነው። ሐኪሞች ከመውሰዳቸው በፊት ሱፍና ቡና ለሚለዩ ሰዎች ሥራ የሚነገር ቃል ነበር። በቡና መጋዘኖች ተቀምጠው ፍሬውን አንድ በአንድ የሚለቅሙትን ሴቶች አስቡ፤ ያ ነው ነገሩ። ከ200 ዓመት በፊት የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ፣ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት እንዲታዩ አደረገ። ከጄኔራሉ ጭረት በፊት የተራው ወታደር የተቆረጠ እግር ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ አሠራር ሲወለድ ጀምሮ ጠላቱ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» የሚለው ሰው ነበር።

በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚሠራበት መለኪያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ነው። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ቀይ ለሆነው ደቂቃ አይሰጠውም፣ ወዲያው ነው። ብርቱካናማው በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴው በአራት ሰዓት ውስጥ መታየት አለባቸው። ቀለሙን የሚወስነው የመጡበት ሰዓት አይደለም። ዕድሜም ብቻውን አይደለም፣ የሚፈሰው ደም መብዛትም ብቻውን አይደለም። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀት፣ ሰውየው ነቅቷል ወይስ ደንዝዟል የሚሉት ተደምረው ነው። ጩኸት የሚባል ነጥብ የለውም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ሌሊት ዋናው ነገር የሆነው ከ4 ሰዓት በኋላ ነውና።

ስምንት የሚሆኑ ጎረምሶች ግንባሩ የተፈነከተ ጓደኛቸውን ተሸክመው እየጮሁ ገቡ። ደሙ ሸሚዙን አልብሶታል። «ሰው እየሞተ ነው! ሐኪም የለም እንዴ?» ጥበቃው ተገፋ፣ ጠረጴዛው ተገፋ፣ ሲስተሯም ተጠርታ ወደ ውስጥ ሮጠች። የልየታው ጠረጴዛ ባዶ ቀረ። ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው የት ይሄዳል? ሰልፍ ወደሚያይበት። ሰልፉ ያለው ደግሞ ካርድ ክፍል መስኮት ጋ ነው። እዚያ ተሰለፈ።

ከተሰለፉት መጨረሻ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ከከተማ ውጭ የመጣች ትመስላለች፤ ጫማዋ ጭቃ ነው፣ ነጠላዋ እርጥብ። ሰው ሲገፋት ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች እንጂ አትገፋም። አንድ ሁለቴ አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል አየኋትና ጩኸቱ ሲበዛ ተወችው። ያዘለችው ልጅ አያለቅስም። ሁላችንም የተፈነከተውን እያየን ነበር። ልጁ አለማልቀሱን እንደ ጥሩ ነገር ነው የቆጠርነው፤ «ጎሽ፣ ተኝቷል።»

ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ደሙን ልትወለውል መጥታ ነበር። መወልወያዋን እንደያዘች ቀና አለችና ልጁን አየችው። ጠጋ ብላ ጉንጩን ነካ አደረገች። አልነቃም። «ልጁ መቼ ነው ጡት የጠባው?» አለቻት። እናትየው «ከጠዋት ወዲህ እንቢ ብሎኛል» አለች፣ እንደ ጥፋተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ቃል አልተናገረችም። መወልወያዋን ጣለች፣ ልጁን ከነማዘያው ተቀበለች፣ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን በር በክርኗ ገፍታ ገባች። እናትየዋ ተከተለቻት።

በዚያን ጊዜ ከአዳራሹ «ተራዬን ወሰዱብኝ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ስልኩን ያወጣም የለም። ሽማግሌው እንኳ «እመብርሃን ትርዳሽ» አሉ።

እስቲ ይህን ልብ እንበል። እኛ ሰዎች ቅድሚያ የሚባለውን ነገር ጠልተነው አናውቅም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ማንም ሳያዘን ከፊት እናቆማለን። ሽማግሌ ሲመጡ «ይለፉ አባቴ» እንላለን። በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ቤት ማን መቅደም እንዳለበት የምናውቅ ሕዝብ ነን። ምክንያቱ በዓይናችን ከታየን ተራችንን የምንሰጥ ነን። የሚያሳብደን የማይታየው ምክንያት ነው። የልብ ሕመም ከውጭ አይታይም፤ የደነዘዘ ሕፃን የተኛ ይመስላል። የተፈነከተ ግንባር ግን ይታያል፣ ይሰማልም። ዓይናችንና ጆሯችን የሚያስቀድሙልን ሰው፣ ሕክምና ከሚያስቀድመው ሰው ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። በሕፃናት ሕክምና በኩል ያሉ ባለሙያዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። የሚያለቅሰው ልጅ ቢያንስ አየር እየሳበ ነው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት የማያለቅሰው፣ የማይጠባው፣ ሲጠሩት የማይነቃው ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልን ነው ያደግነው። በድንገተኛ ክፍል ግን ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው።

6 ሰዓት ሊሞላ ሲል ሽማግሌው ትዕግስታቸው አለቀ። ተነስተው ጥበቃው ላይ ከዘራቸውን አነሱ። «ከ12 ሰዓት ጀምሮ ነው ያለሁት! እኔ ሰው አይደለሁም?» ሌሎችም ተነሱ። ጥበቃው ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ «አባቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» ይላል። ያኔ ከውስጥ አንዲት ሌላ ሲስተር ወጣች፤ አጠር ያለች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። ትጮህብናለች ብዬ ነበር። ከዘራውን በእጇ ቀስ አድርጋ አወረደችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ልንገርዎት። ውስጥ ያለን አልጋ አሥራ አንድ ነው። የተኛው ሰው አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ሌላው ወንበርና ስትሬቸር ላይ ነው። ከእነሱ አራቱ እኛ ጋ ሥራቸው ያለቀ ነው፤ ፎቅ ላይ አልጋ ስላልተገኘላቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ተረኛ ሐኪም ሦስት ነው። ሁለቱ ቅድም ደረቱን ይዞ በመጣው ልጅ ላይ ናቸው። የእርስዎን ቁስል አይቼዋለሁ፤ ያማል፣ ግን ይጠብቃል። የእሱ ልብ አይጠብቅም።»

ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉ። «ይተርፋል?» አሉ። «እየሞከርን ነው» አለች። «እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አድኑት» ብለው ተቀመጡ። የቆሙት ሁሉ ተቀመጡ።

ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወረፋው በአንድ ሰው አልቀነሰም፤ አልጋ አልተጨመረም፤ ሐኪም አልመጣም። አዳራሹ ግን ሌላ አዳራሽ ሆነ። አንዱ ለሌላው ሻይ ይቀዳ ጀመር። እኔን የቆጨኝ ሁለት ነገር ነው። ይህን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቢነግሩን ኖሮ? እኛስ ከመሳደባችን በፊት አንድ ጊዜ ብንጠይቅ ኖሮ?

ባለሙያዎቹ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ፍርደ ገምድልነት ነው። ያቺ ሲስተር ስታወራ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምሳዋን በልታ እንደሆነ እንጃ። በ2017 ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖር አለን ብለው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በቅንጦት አይደለም። የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ገና የትናንት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራውን መካድ አይገባም። አሁን እንደ አቤት ሆስፒታል ያለ ለአደጋና ለድንገተኛ ሕክምና ተብሎ የተቋቋመ ቤት አለን።

ሆኖም ሁሉንም ነገር በ«አልተነገረንም» ልንሸፍነው አንችልም። የእማማ ወረቀት ቢጫ ነበር፤ በመለኪያው መሠረት በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት ነበረባቸው። የታዩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50 ነው። አራት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ቢጫ ተብለው እንደ አረንጓዴ ቆዩ ማለት ነው። የሆስፒታሎቻችን የራሳቸው የአሠራር መለኪያ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ ልየታ እንዲደረግለት፣ እዚያ የሚቆየውም ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የመጀመሪያውን ለእኛ አሟልተዋል፣ ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ጋ ግን አልደረሰም። ሁለተኛውን ሦስተኛ ቀናቸውን ድንገተኛ ክፍል ያደሩት አራት ሰዎች ይመስክሩ።

ችግሩ ደግሞ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል እንደ ቧንቧ ነው፤ ከላይ ፎቁ ሲደፈን ውሃው ታች ይሞላል። ፎቅ የተኛው ሰው ካልወጣ ታች የታከመው አይወጣም፤ ታች ያለው ካልወጣ ወንበር ላይ ያለው አይገባም። ከውጭ ደግሞ እኛ እንገፋለን። የጤና አወቃቀራችን ጤና ጣቢያን፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን፣ አጠቃላይ ሆስፒታልን በየደረጃው የዘረጋ ነው። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ተብሎ የታሰበ ነው። ጉንፋን ይዞት እዚያ የሚሄደው ግን ስንቱ ነው? «ጤና ጣቢያ ምን አለ?» እንላለን። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላቦራቶሪው ተዘግቶ፣ መድኃኒቱ አልቆ እናገኘዋለን። እናም አንሄድም። ስለማንሄድ ለጤና ጣቢያዎቹ ማንም አይጠይቅላቸውም። ስለማይጠየቅላቸው ባዶ ሆነው ይቀጥላሉ።

እኛስ? አንድ በሽተኛ ይዘን ስምንት ሆነን የምንገባ እኛ ነን። ስምንቱ ጎረምሶች ያመጡት ጓደኛቸው በኋላ ተሰፍቶ እየሳቀ ወጣ፤ ግንባር ሲፈነከት ደም ይበዛል እንጂ ብዙ ጊዜ ያስፈራውን ያህል አይደለም። እነሱ በመግፋታቸው ግን ጠረጴዛው ባዶ ቀረ፣ ጠረጴዛው ባዶ በመቅረቱም ያ ሕፃን ካርድ ሰልፍ ላይ ቆመ። ይህን ሲያደርጉ ማንን እንደገፉ አያውቁም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ጓደኛቸውን የወደዱ ልጆች ናቸው። ግን ጩኸት የሚሠራ ነገር መሆኑን ከየት ተማሩ? ከእኛ ነው የተማሩት። «ሲያዩሽ ጩኺ፣ ካለዚያ አይነኩሽም» ብሎ እህቱን የሚመክር ሰው በዚያው ሌሊት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በእግሩ መሄድ የሚችለውን አባቱን በጀርባው አዝሎ የገባም አይቻለሁ። መጠበቁ ይህን ነው የሚያስተምረን፤ መዋሸት። ሁሉም ቀይ ነኝ ካለ ሲስተሯ እውነተኛውን ቀይ በምን ትለየዋለች? ያላት ሁለት ዓይን ነው።

ሕጉ ምን ይላል የሚል አይጠፋም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ እርዳታውን የሚነፍግ የሕክምና ባለሙያን ይቀጣል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ለእኛ ማን ነፈገን? «አናክምም» ያለን የለም። «ጠብቁ» ነው ያሉን። ለመጠበቅ አንቀጽ የለም። የጎኗ በርም በየትኛውም መዝገብ ላይ አትገኝም፤ የገቡባት ሰዎች ወረቀት ላይ ቀለም አይደረግምና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለን የምንተርተው ለበሽተኛ ነው። ለሆስፒታልም ይሠራል። አልጋ መሙላቱን፣ ሐኪም ማነሱን፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ከደበቀን፣ እኛ ባዶውን ቦታ በጥርጣሬ እንሞላዋለን። ሰሌዳ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀይ ማለት ይህ ነው፣ ቢጫ ማለት ይህ ነው፣ አሁን ውስጥ ያለው ሰው ይህን ያህል ነው፣ ቢጫ የሆነ ሰው ዛሬ በግምት ይህን ያህል ይጠብቃል የሚል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል የተጻፈ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በየሰዓቱ ወጥቶ የሚናገር አንድ ሰው። ሐኪም መሆን የለበትም፤ ጥሩ አንደበት ያለው፣ ወንበር ላይ ያሉትንም ደግሞ ደግሞ የሚያይ ሰው ይሁን። ቢጫ ሆኖ የተቀመጠ ሰው እዚያው ቀይ ሊሆን ይችላልና። የልየታው ጠረጴዛ ደግሞ በምንም ምክንያት ባዶ አይሁን። ካርዱም ቢሆን ከልየታው በኋላ ይሁን፤ አስታማሚ ያለው አስታማሚው ያወጣለታል።

የጎኗን በር በተመለከተ ምን እንደምል አላውቅም። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ምናልባት ወንድሙን ነው ያስገባው። እኔም ስልኩ ቢነሳልኝ ኖሮ እዚያው ነበርኩ። ግን ቢያንስ ይህን እንወቅ፤ ስንደውል የምንቀድመው ወንበር ላይ ያለውን ሽማግሌ ብቻ አይደለም። ምናልባት ነጠላዋ የረጠበ፣ ስልኳ ውስጥ የማንም ስም የሌላት ሴት ያዘለችውን ነው።

እማማ የሐሞት ጠጠር ነው ተባሉ። ማስታገሻ ተሰጥቷቸው፣ ቀጠሮ ተይዞላቸው ጎህ ሲቀድ ወጣን። ደረቱን ይዞ የመጣው ወጣት ምን እንደሆነ ጥበቃውን ጠየቅኩት፤ «ወደ ላይ ወስደውታል» አለኝ። ስለ ልጁ ስጠይቀው አያውቅም። የጽዳት ሠራተኛዋን ፈለግኳት፣ ፈረቃዋ አልቆ ሄዳለች።

እናንተም አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ተራችሁን ስትቆጥሩ፣ ግራና ቀኛችሁንም አንድ ጊዜ እዩ። ዝም ብሎ ላብ የሚያጠምቀው ሰው፣ ወይም የማያለቅስ ሕፃን ካያችሁ ተነሱና ለሲስተሯ ንገሯት።